የትም አልሄደም

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አልፎ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
አንዲት ክሊኒክ አለች፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲወጣ ሲገባ።
ሰሌዳዋ «ካይሮፕራክቲክ» ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ከሰፈሩ ግን ይህን ስም እስከ መጨረሻው የጠራ የለም።
ገሚሱ «ዘመናዊ ወጌሻ»፣ ገሚሱ «አጥንት ሰባሪ»፣
አንዳንዱ ደግሞ «ስኳርና አስም አባራሪ»።

እኔ ሽብሩ ነኝ፤ የሲኖትራክ ሾፌር፣ አስራ ሰባት ዓመት፤
አሸዋና ድንጋይ ስጭን፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስዘል በክረምት፣
አንድ ማለዳ ካልሲዬን ላጠልቅ ዝቅ እንዳልኩ
እዚያው እንደ ሰንጢ ታጥፌ ቀረሁ፤ ወይንሸትን ጠራሁ፤ አለቀስኩ።

መጀመሪያ ወጌሻችን ጋ ሄድኩ፣ አያ ሰንበታ ዘንድ፤
በልጅነቴ የመለሱልኝ የወለቀብኝን ክንድ።
በአውራ ጣታቸው ወገቤን ዳሰሱ፤ ጥቂትም አሰቡ፤
«የወለቀ አላገኘሁም» አሉ፤ የቅቤውን ዕቃ ሰበሰቡ።

ረዳቴ ምንተስኖት ግን ምክር አያልቅበትም፦
«ወንድሜ፣ አጥንትህ ወጥቷል፤ ካልመለሱት አትድንም።
ቋ ሲል ከሰማህ ገባ ማለት ነው፤
ቋ ካላለ፣ ብሬን መልሱ በላቸው።»
ወዲያው ደግሞ ዞሮ፦ «አንገትህን ግን እንዳታስነካ፤
አንዱን ጠመዘዙት አሉ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ ለካ።»
ሁለቱንም አመንኩ። ወገብ የያዘው ሁሉንም ያምናል፤
ፍርሃትና ተስፋን በአንድ ኪስ ይይዛል።

ኩለኒ ትባላለች፤ ልጅ እግር፣ እጇ ትንሽ ነው፤
እኔ የጠበቅሁት ጎማ በአንድ እጁ የሚያነሳውን ሰው።
«ተኛ» ትለኛለች ስል «ተቀመጥ» አለችኝ፤
አርባ ደቂቃ ሙሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ጠየቀችኝ።
«እግርህ ይደነዝዛል? ሽንት ያመልጥሃል?
ትኩሳትስ አለህ? ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ያነቃሃል?»
በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታች፤ እግሬ በራሱ ተራገጠ፤
«እሱ ደህና ነው» አለች፤ ልቤ ግን ደነገጠ።
ከዚያ ዓይኗ ኋላ ኪሴ ላይ አረፈ፦ «ምንድን ነው ያጨቅከው?»
የነዳጅ ደረሰኝ፣ የእቁብ ወረቀት፣ የቅጣት ክስ፣
ያለፈበት ሎተሪ፣ የሟች አባቴ ጉርድ ፎቶ፤
ቦርሳዬ ሲወጣ የግንብ ጡብ ያክላል።
«በዚህ ላይ ነው አስራ ሰባት ዓመት በአንድ ጎን የተቀመጥከው?»

በጎኔ አስተኛችኝ፤ ትንፋሼን ጠበቀች፤ ገፋ አደረገችኝ፤
ቋ!
«ገባ?» አልኩ በደስታ። «ምኑ?» አለችኝ።
«ድምፁ እንደ አምቦ ውሃ ነው፣ ክዳኑ ሲላቀቅ፤
መገጣጠሚያህ ውስጥ ያለ አየር ነው፣ ከፈሳሹ የሚለቀቅ።
አጥንትህ የትም አልሄደም፤ ያልሄደ አይመለስም።
ቋ ባይልም ይሻልሃል፤ ቋ ማለቱም ዋስትና አይደለም።»
«ስኳርስ?» አልኳት፣ የወይንሸትን እናት አስቤ። «ስኳር ሐኪም አለው፤
የእኔ ጀርባ ነው፤ እሱንም ሁሉንም አይደለም የማክመው።»

ከእኔ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ጋሽ ደገፋ፤
ቀኝ እግራቸው የሚጎተት፣ ሽንታቸው ከትናንት የጠፋ።
እጇን አላሳረፈችባቸውም፤ ስልኳን አነሳች፤
ወረቀት ጽፋ፣ ባጃጅ አስጠርታ፣ «ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች፤
ብር ቢዘረጉላት መለሰች።
«ሳትነኪኝ? እስከዚህ መጥቼ?» ብለው ተቆጡ፤
የልጃቸውን ትከሻ ይዘው እየተራገሙ ወጡ።
እኔ ግን ያኔ ነው እጇን ያመንኩት፣
የማትነካውን ስታውቅ ባየሁት።

አልዳንኩም፤ ይህን ልናገር። ቃሊቲ ስደርስ
አሁንም ይቆረጥመኛል፣ በተለይ ጭነቱ ሲብስ።
በየሁለት ሰዓቱ ዳር ይዤ እወርዳለሁ፤ እራመዳለሁ፤
ከኋላ ያለው ሲኖ ጥሩምባ ይነፋል፤ ይንፋ፣ እሄዳለሁ።
ምንተስኖት ከጋቢናው አንገቱን ያወጣል፦ «እህሳ፣ አጥንትህ ተመለሰ?»
የገላን አቧራ መስታወቱን እያለበሰ።
«የትም አልሄደም» እላለሁ፤ ማርሽ አስገባለሁ፤
የአባቴን ፎቶ ዳሽቦርዱ ላይ ቀና አደርገዋለሁ።